ለስኳር አዳዩ የተቆላ ለውዝ

አምባው ስኳር በሽታ እንዳለበት የሰማ ዕለት መጀመሪያ የጠየቀው «እሞታለሁ ወይ?» ብሎ አልነበረም። «ሲስተር፣ ካርዱ ላይ እንዲህ በግልጽ ነው የሚጻፈው?» ብሎ ነበር።

ሲስተር ሙሉ ከመነጽሯ በላይ አየችው። «ታዲያ በምን ልጻፈው ጋሼ? በግጥም?»

ሚስቱ የሺሐረግ አጠገቡ ተቀምጣ ነጠላዋን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ትፈታለች። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ገብቷታል። አሰበ ተፈሪ ውስጥ ይህ በሽታ ፈጽሞ ሊይዘው የማይገባ አንድ ሰው ቢፈለግ ባሏ ነው። አምባው የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳር አዳይ ነበር። ወር በገባ ቁጥር ሰዉ ካርዱንና ጣሳውን ይዞ ሲሰለፍ፣ ከሚዛኑ ኋላ ቆሞ ከጆንያው እየዛቀ የሚያድለው እሱ ነው። ሰባት ዓመት ሲያድል ጣቱን ልሶ አያውቅም። ይህን የሺሐረግ ትምልለታለች፤ ግን የሚስት መሐላ የት ይደርሳል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1979 ዓ.ም. ለአንድ ቤተሰብ በወር የሚደርሰው ስኳር አንዲት የዱቄት ወተት ጣሳ በወጉ አይሞላም ነበር። በዚያ ስኳር እንኳን በሽታ ጉንፋንም አይያዝ። ስለዚህ የከተማው ሰው ያለማንም አስተማሪ አንድ የሕክምና ሳይንስ ደርሶበታል፦ ስኳር በሽታ የሚይዘው ስኳር የተረፈውን ሰው ነው። ስኳር የሚተርፈው ደግሞ ማን እንደሆነ ይታወቃል። እንግዲህ «ስኳር አዳዩን ስኳር ያዘው» ቢባል፣ ሌባነቱን ሐኪም በማኅተም አረጋገጠ ማለት ነው።

«ስኳር የሚባል ነገር የለም፤ ሻይም ባዶውን» አለች ሲስተር ሙሉ። «ምግብ በሰዓቱ። በመሃል ሲርብዎት ለውዝ ነገር፣ ሽምብራ ነገር ቆንጠር ያድርጉ። ኪኒኑን እንዳያቋርጡ። ከቀለዱ ዐይንዎን ነው የሚወስደው፣ ከዚያ እግርዎን።»

ከሆስፒታሉ ሲወጡ አምባው ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሺ፣ ለሰው ትንፍሽ እንዳትይ።»

«ለማን እናገራለሁ?»

«ለኩብራ።»

«ምን በወጣኝ!» አለች። ኩብራ በአጥር የምትዋሰናቸው ጎረቤታቸው፣ የጫት ነጋዴው የዓሊዩ ሚስት ናት። ኩብራ ጠዋት የሰማችውን ከቀትር በፊት የሂርና ከተማ ያውቀዋል፤ ከጫቱ ጋር ተጭኖ ነው የሚሄደው።

ምስጢሩስ ይጠበቅ ነበር። መከራው ሻዩ ነው። በዚያ ዘመን እንግዳ የሚከበረው በማንኪያ ነበር። ስኳር ብርቅ ስለሆነ እያንዳንዷ ማንኪያ ፍቅር ናት። አንድ ለመንገደኛ፣ ሁለት ለጎረቤት፣ ሦስት ለአማች፤ ለስኳር አዳዩ ግን ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ በራሱ እስኪቆም። ዓሊዩ ቤት ደግሞ ከቀትር በኋላ በርጫ አለ። ባልንጀሮቹ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብለው ጫታቸውን ይዘው ይጫወታሉ። አምባው ጫት አይቅምም፤ እሱ የሚቅመው ወሬ ነው። ግን ሱቁን እንደዘጋ እዚያ ካልደረሰ ቀኑ የመሸ አይመስለውም።

«ጨጓራዬን ነው በላቸው» አለችው የሺሐረግ።

«ብያቸው ነበር። ዓሊዩ ‹ለጨጓራማ ስኳር ጥሩ ነው› ብሎ አንድ ማንኪያ ጨመረልኝ።»

«እንግዲያው አትሂድ!»

«ቀረሁ እንበል። ሰባት ዓመት የተቀመጥኩበት ቦታ ባዶ ሲሆን ምን ይላሉ? ደግሞ ሻይ ገፋ አደረግሁ እንበል። ‹ይሄ ሰው ስኳር ጠላ፤ ቤቱ ቢጠግብ ነው› አይሉም?»

እንዲህ እያለ በየቤቱ የሚሰጡትን ክብር ይጠጣል፤ ማታ ውሃ ሲጠጣ፣ ሲወጣ ሲገባ ያድራል።

የሺሐረግ ከውጭው ጣጣ መግባት ባትችል እቤቷ ያለውን ላስተካክል አለች። አምባው ከሥራ ሲመለስ አፉን የሚያታልልበት ነገር ካላገኘ አይሆንለትም፤ ሲያገባትም እንዲሁ ነበር። ቦኬ ያለችው እህቷ የላከችላት ማር ነበር። በእሱ ዱቄት ለወሰች፣ ቆራርጣ ዳቦ ቆሎ አደረገችው፣ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ በሳህን አቀረበችለት። ስኳር ክልክል ነው ተባለ እንጂ ማር አልተባለም። በእሷ ቤት ሁለቱ ጨርሶ ዘመድ አይደሉም፤ ማርን የሠራው ንብ ነው፣ ስኳርን ደግሞ መንግሥት።

ሲስተር ሙሉ የደሙን ውጤት አይታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። 

«ምን እየበሉ ነው?»

የሺሐረግ በኩራት ነገረቻት።

«እትዬ የሺሐረግ» አለች ሲስተር ሙሉ በረጅሙ ተንፍሳ፣ «አንድ ጊዜ ሆድ ከገባ በኋላ ንብ ይሁን ፋብሪካ ደሙ መታወቂያ አይጠይቅም።»

የሺሐረግ ከሆስፒታሉ በር ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። ሁለት ሳምንት ሙሉ በገዛ እጇ፣ ያውም እየለመነችው፣ «አንድ ድገምልኝ» እያለች። አምባው አጠገቧ ቆሞ ባርኔጣውን ያገላብጣል። «ተይ እንጂ፣ ሰው ያያል» አላት፤ ቀጥሎ ደግሞ ምን እንደሚላት ቢጠፋው «ቆንጆ ነበር እኮ» አላት። ያን ጊዜ ይብሱን አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት አጥሩን ተሻግራ ኩብራ ጓሮ ሄደች። ኩብራ ከሰሉ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለበርጫው ለውዝ ትቆላለች።

«ኩብራ፣ ስኳርም ማርም የሌለበት፣ ግን አፍ የሚያጣፍጥ ነገር ታውቂያለሽ?»

ኩብራ ማማሰያዋን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አቦ የሺ! አርግዘሻል እንዴ?»

«በአርባ ስድስት ዓመቴ?»

«ሳራስ ወልዳ የለ!»

«ኧረ ተይኝ። ጾም ነው።»

«የምን ጾም? የናንተን ጨርሳችኋል፣ የኛ ገና አልገባ። አዲስ አወጃችሁ?»

የሺሐረግ ነጠላዋን ጣቷ ላይ መጠምጠም ጀመረች። ኩብራ ዐይኖቿን አጥብባ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ፣ በሕይወቷ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳትጠይቅ ተወችው። በእግሯ ሌላ በርጩማ ገፋ አደረገችላት። «ነይ ተቀመጪ። እጅሽን ታጥበሻል?»

ያን ቀን እስከ ምሳ ድረስ ሁለቱ ከከሰሉ አልተነሡም። ኩብራ ለውዙን መጀመሪያ ጨው ባለው ውሃ ረጨት አድርጋ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ ነው የሚቆላው፣ ያውም በደከመ እሳት።

«እሳቱን አታንድጂበት» ትላታለች። «ለውዝ ሲያጣድፉት ውጭው ይነድዳል፣ ውስጡ ጥሬ ነው። ዝም ብለሽ አማስዪው። ሲበቃው ራሱ ይነግርሻል። ሽታው መጣ? አልመጣም። እንግዲያው እጅሽ ይሥራ፣ አፍሽ ያውራ።»

ገብሱንም ቆሉት። ግማሹን በቆሎነቱ ተዉት፣ ግማሹን ፈጩት። ከለውዙ ደግሞ የተወሰነውን ዘይቱን እስኪያወጣ ወቀጡት። የገብሱን ዱቄት በዚያ ለወሱና ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ጨመሩበት፤ ጨውም ለቅምሻ ያህል። ከዚያ እንደ አውራ ጣት እያደረጉ አድቦለቦሉት። የሺሐረግ አንዱን አፏ ውስጥ አስገብታ ፊቷን አኮማተረች።

«ጣፋጭ አይደለም።»

«ስለዋጥሽው ነው። ገብስ ዓይን አፋር ነው፣ ቶሎ አይጫወትም። እያኘክሽ ጠብቂው።»

የሺሐረግ አኘከች። ቆይቶ ቆይቶ ከምላሷ ሥር አንድ ነገር ብቅ አለ፤ ስኳር አይደለም፣ ግን የስኳር ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

«ሚዓዋ!» አለች ኩብራ በኦሮምኛ፣ የጎረቤቷን ፊት አይታ። «ጣፈጠሽ አይደል? በይ ቀሪውን ጠንከር አድርገን እናድርቀው።»

«አይ፣ ለስለስ ይበል። ጠንካራ አይሆንለትም» አለች የሺሐረግ፤ ብላም ምላሷን ነከሰች።

የየሺሐረግ ጥርስ ሙሉ ነው። በዚያ ቤት መንጋጋ የጎደለው አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኩብራ ግን ቀና እንኳ አላለችም። «ይለስልስ» አለችና ዱቄቱን ማሸት ቀጠለች።

ማታ አምባው ሳህኑን አይቶ ተከዘ። «ይሄ የዶሮ መኖ ነው።»

«አኝከው።»

«አኘክሁት እኮ።»

«ዋጥከው እንጂ መቼ አኘክኸው? እንደገና።»

እንደገና ጎረሰ። ዐይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ፣ ያኝካል። የሺሐረግ ከፊቱ ተቀምጣ አገጩን ታያለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ስትበላ ፊቱን እንዲህ ልብ ብላ አይታው አታውቅም፤ ሰው ሲበላ የሚያየው ሳህን ነው። ጢሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል፤ መቼ ገባ? ግራ ጉንጩ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ጠልቃለች። ማኘኩ ሲረዝም ቅንድቡ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ምንም።»

«ውሸታም» አለና እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ።

ከዚያ ወዲያ በኮቱ ኪስ ትንሽ ቋጠሮ ይዞ ይወጣ ጀመር። አፉ ሙሉ ሲሆን ሻዩን የሚጋብዘው ሰው ትንሽ ይዘገያል። ግን ቢዘገይም አይቀርም። «ዋጠውና ጠጣበት!» ይለዋል ዓሊዩ፣ ማንኪያውን እያማሰለ።

ወሩ አልቆ አዲሱ ገባ፣ ስኳሩም መጣ። የዚያን ቀን አምባው ከሚዛኑ ኋላ ቆመ፤ የሚዛኑ መርፌ ግን ቦታዋ ላይ አልነበረችም። አለች ሲላት ሁለት ትሆናለች፣ ሁለት ናት ሲል ጭጋግ ውስጥ ትገባለች። አፍንጫውን እስኪነካ ድረስ ተጠጋት።

«ጋሽ አምባው፣ ሚዛኑን ያሸቱታል እንዴ?» አለ ከሰልፉ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ። አምባውም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በግምት አደለ።

ጥሩነሽ የምትባል፣ ስኳሯን እንደ ዐይኗ ብሌን የምትጠብቅ ሴት፣ ጣሳዋን ወስዳ ገበያ ላይ አስመዘነችው፤ ጎድሏል። ሌሎችም አስመዘኑ፤ የጎደለባቸው ጮኹ። ትርፍ የደረሳቸውም ነበሩ፤ እነሱ ግን በዚያ ሰሞን ቤታቸውን ዘግተው ጸጥ ብለው ሰነበቱ። እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳ፦ በስኳር አዳዩ ላይ የሚቀርብ ሂስ።

ቅዳሜ የሺሐረግ ባሏን ለመነችው። «ዐይኔ ታሟል በላቸው።»

«ከምን የተነሣ ቢሉኝስ?»

«እውነቱን ነዋ።»

አምባው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። «የሺ፣ ስሜ በሌብነት ከሚነሣ ብሞት ይሻለኛል።»

«ለአንተ ይሻልሃል» አለችው። «እኔስ?»

አምባው ጎንበስ ብሎ ያልተፈታውን የጫማ ማሰሪያ እንደገና አሰረው።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሊቀመንበሩ ጓድ ነጋሽ ከቀይ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ኋላ ተነሥተው ስለ ሰፊው ሕዝብ ስኳር ረዘም ያለ መግቢያ አደረጉ። ጥሩነሽ ጣሳዋን ከፍ አድርጋ አሳየች። ተራው የአምባው ሆነ። ተነሣ፤ ባርኔጣው እጁ ላይ ነው።

«እጄ ተሳስቷል» አለ። «ግለ ሂስ አደርጋለሁ።»

«ሰባት ዓመት ያልተሳሳተ እጅ ዛሬ በምን ምክንያት ተሳሳተ?» አሉ ጓድ ነጋሽ።

አምባው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ላቡ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ ሲወርድ የሺሐረግ ከሴቶቹ ረድፍ ታየዋለች። ከቆየ ይወድቃል። እንደዚህ ቆሞ፣ እንደዚህ ዝም ብሎ፣ ነገም ተነገ ወዲያም የሰው ሻይ እየጠጣ ይሞትባታል። ሳታስበው ተነሣች።

«ዐይኑ ነው! አያይም። ስኳር በሽታ ይዞታል።»

 ከአዳራሹ ኋላ አንድ ሰው «ከየት አምጥቶ?» ሲል ጣሪያው ሊነሣ ደረሰ።

«እኛ ለሻይ ያጣነውን እሱ ለበሽታ አገኘ!»

«ጉድ በሉ! ዐይን ያወጣ!»

የሺሐረግ «ሲስተር ሙሉ እንዲህ ብላለች፣ ደም ነው፣ ከዘርም ይመጣል» ብላ ልታስረዳ ትጮኻለች፤ የሚሰማት የለም። አምባው ወንበሩ ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። ወደ እሷ ዞሮ አላየም። ስሙን በገዛ አፏ ገደለችበት። እንዲህ ነው የመሰላት።

«ጓድ ሊቀመንበር!» የሚል የሴት ድምፅ ከመሃል ተሰማ። ኩብራ ሻሿን እያጠበቀች ተነሥታለች። «ሂስ አለኝ።»

«በማን ላይ?»

«በራሴ።»

ይህ እንግዳ ነገር ነው። ሰዉ አንገቱን አዞረ።

«ስኳሩን የበላው እኛ ቤት ነው» አለች ኩብራ። «ሰኞ አራት ማንኪያ አድርገን አጠጣነው። ማክሰኞ አራት። ረቡዕ ጨጓራዬን አለ፣ አምስት አደረግንለት። ወላሂ፣ በቃኝ ሲል ሰምተነው አናውቅም። እኔ እኮ ከገባኝ ሰንብቷል፤ የሺ መጥታ ስኳር የሌለው ነገር አስተምሪኝ ስትለኝ ገብቶኛል። ገብቶኝም ሻሂውን ያፈላሁት እኔ ነኝ። እሷ ጓሮዬ ቁጭ ብላ ባሏን ልታድን ስትቆላ፣ እኔ ሳሎኔ ውስጥ ስገድልባት ነበር።» ወዲያው ደግሞ ዞረች። «አንቺስ ጥሩነሽ? ለጥምቀት ቤትሽ ሲመጣ ስንት አደረግሽለት?»

ጥሩነሽ ጣሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «እኔማ… ለክብሩ ብዬ… ሦስት።»

«ሦስት?»

«አምስት» አለች ጥሩነሽ።

አንድ ሽማግሌ ከግድግዳው በኩል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም ለልጄ ሠርግ ጊዜ፣ ያው የደስታ ስለሆነ፣ አብዝቼበት ነበር።» ሌላዋ ለክርስትና። ሌላው ለዒድ። አንዱ «እኔ ባለፈው ሳምንት» ሲል ሌላው «እኔ ትናንት፣ እንቢ እያለኝ» አለ። ሰዉ እጁን እያወጣ ይነሣ ጀመር። በዚያ አዳራሽ ግለ ሂስ ለማድረግ ሰልፍ ሲያዝ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። በመጨረሻ ጓድ ነጋሽም ጠረጴዛውን እየተመለከቱ «በጽሕፈት ቤታችንም በኩል ሁለት ጊዜ ያህል…» ብለው ጀመሩና ሳል ያዛቸው።

ሲስተር ሙሉ እዚያ ብትኖር በሽታው ከማንኪያ እንደማይመጣ በትዕግሥት ባስረዳች ነበር። አለመኖሯ በጀ። የከተማው ሳይንስ አልተሻረም፤ ሌባው ብቻ ተለወጠ። አንድ ሰው ሰርቆ ነው መባሉ ቀርቶ ሁሉም ሰው አጠጥቶት ነው ተባለ።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። አንደኛ፣ ለጓድ አምባው በማናቸውም ቤትና በማናቸውም በዓል ስኳር ያለበት ሻይ መስጠት ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ ዐይኑ እስኪሻለው የሚዛኑን መርፌ ጥሩነሽ ታነብለታለች፣ ያውም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ከአዳራሹ ወጡ። መንገዱ ቁልቁል ሲሆን አምባው እጁን ዘርግቶ የሚስቱን ክንድ ያዘ። ሰው ያየ ነበር፤ አልለቀቀም።

«ተቀየምከኝ?» አለችው።

«ቆይ፣ እያሰብኩበት ነው» አለ። ጥቂት ሄደው ደግሞ፣ «እንደዚያ ስትጮኺ አይቼሽ አላውቅም» አላት።

ሰኞ ከቀትር በኋላ የሺሐረግ ከኩብራ ጋር ጓሮ ሆና ሽምብራ ትቆላለች። ሳሎን ውስጥ በርጫው ተጀምሯል፤ ጨዋታው እስከ ጓሮ ይሰማል። ኩብራ ሻዩን አፍልታ ገባች፣ ተመለሰችም። ከዚያ ሳሎኑ ድንገት ጸጥ አለ።

«ምን ሆኑ?» አለች የሺሐረግ።

ኩብራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጠራቻት። በበሩ መጋረጃ ስንጣቂ አብረው አዩ። ስድስት ወንዶች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ በየፊታቸው አንዳንድ ብርጭቆ ሻይ አለ። ስኳሩ አልቀረበም። የስድስቱም ፊት ጭፍግግ ብሏል፤ መድኃኒት ዋጡ የተባሉ ሕፃናት ይመስላሉ።

«ዓሊዩ፣ ስኳር የለም እንዴ?» አለ አምባው።

«አለ» አለ ዓሊዩ።

«ታዲያ አምጡና ጠጡ እንጂ! የተከለከልኩት እኔ፣ እናንተ ምን ሆናችሁ?»

«ዝም ብለህ ጠጣ። የመጀመሪያው ብርጭቆ እንዲህ ነው፤ ተነጋግረናል።» ዓሊዩ ፉት አለና ዐይኑን ጨፈነ። «ያ ረቢ! ሻሂ ለካስ እንዲህ ነው የሚመርረው! አንተ፣ በነፍስህ አምላክ፣ ይሄን እስከ ዕድሜ ልክ ልትጠጣው ነው?»

«እለምደዋለሁ» አለ አምባው። ፉት አለ፤ ፊቱ ተጨማደደ። እነሱም ፉት አሉ፤ ተጨማደዱ። ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀው አምባው ነበር፤ በሆዱ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ብርጭቆው እየፈሰሰበት።

የሺሐረግ መጋረጃውን ለቀቀችው። ያንን ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው? አሁንም ይሰማል፤ ሌሎቹም ተቀላቅለውበታል።

«አቦ የሺ፣ ሽምብራው!» አለች ኩብራ። «አረረ እኮ!»